ሳያቃጥሉ የማንጠር ጥበብ

ልብስ በሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ብል እንዳይገባ የናፍታሊን ፍሬ ማኖር በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሣጥኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲከፈት ፍሬው አንሶ፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ጠፍቶ ይገኛል። ልብሱ አልረጠበም፤ ቀልጦ የፈሰሰ ነገር የለም፤ የበላውም አይጥ የለም። የቀረው ሽታው ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ጠጣር ነገር ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ተን ሲለወጥ አይቷል ማለት ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ይህን ለውጥ ሰብሊሜሽን ብለው ይጠሩታል።

እንዲሁም ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አስፈልቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በእንፋሎቱ ሲታጠን ያላየ ያለ አይመስለንም። ከድስቱ የሚወጣው የውኃ ተን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሽታ ከየት ይመጣ ነበር? ከውኃው ጋር የቅጠሉ ዘይት አብሮ ይወጣል። ነገር ግን የዚህ ዘይት ዋናው ክፍል ብቻውን ይፈላ ዘንድ ቢጣድ ኖሮ 176 ዲግሪ የሚያህል ሙቀት በፈለገ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ክዳኑ ያልታሸገ የውኃ ድስት የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት ከ92 ዲግሪ አያልፍም። እንግዲህ ዘይቱ ከሚፈልገው ሙቀት እኩሌታ በጥቂት ብቻ በሚበልጥ ሙቀት እንዴት ሊወጣ ቻለ?

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው፤ ይኸውም አንደኛው በእንፋሎት ማንጠር፣ ሁለተኛው አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ጠጣርን ማትነን ነው። ሲያዩዋቸው የተራራቁ ይመስላሉ፤ ምሥጢራቸው ግን አንድ ነው፤ እርሱም የአየር ክብደት ነው። ከቢሮ ሥራው በኋላ በትርፍ ሰዓቱ የኬሚስትሪ ሙከራ ለማድረግ የሚወድ ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ይህን ምሥጢር ቢረዳ ገንዘቡንም ዐይኑንም ያተርፋል። በሬዲዮ ስንናገር ቁጥር ማብዛት አድማጭን ስለሚያሰለች አብዛኛውን ትተነው ነበር፤ በጽሑፍ ግን ተመልሶ ማንበብ ስለሚቻል የሚያስፈልገውን ያህል ጨምረናል።

አየር ክብደት እንዳለው በግልጽ ያሳየው ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ ነው። እርሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1643 አንድ ወገኑ የተደፈነ የብርጭቆ ቱቦ በባዜቃ ሞልቶ፣ ባዜቃ ባለበት ሳሕን ላይ ቢደፋው ባዜቃው ሁሉ ወርዶ አልፈሰሰም፤ 76 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ይዞ ቆመ። ደግፎ ያቆመውም በሳሕኑ ላይ የሚጫነው አየር ነው። በ1648 ደግሞ ፈረንሳዊው ፔሪየ፣ የሚስቱ ወንድም ፓስካል በጻፈለት መሠረት ይህንኑ መሣሪያ ይዞ ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ቢወጣ የባዜቃው ቁመት 8 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አገኘው። ወደ ላይ በወጡ መጠን ከራስ በላይ ያለው አየር ያንሳልና። ያ ተራራ 1465 ሜትር ቢሆን ነው፤ እኛ አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርተን የምንኖረው ግን 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ቶሪቼሊ እዚህ ቢሆን ኖሮ ባዜቃው ከ57 እስከ 58 ሴንቲሜትር ላይ ይቆምለት ነበር። በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ሰው ጋር ስንወዳደር የአየሩ ሸክም ሩብ ያህሉ ከላያችን ተነሥቶልናል ማለት ነው።

ይህን የወጥ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ሳትማረው ታውቀዋለች። ባቄላና ሽምብራ ጅቡቲ ላይ ከሚበስልበት ጊዜ ይልቅ እዚህ ዘግይቶ ይበስላል፤ ምክንያቱም ውኃው እዚያ በ100 ዲግሪ፣ እዚህ በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ነው። ብዙ ሰው መፍላት ማለት አንድ የተወሰነ ሙቀት ላይ መድረስ ይመስለዋል፤ እንደዚህ ግን አይደለም። ማናቸውም ፈሳሽ ቀዝቃዛም ቢሆን ጥቂት ተን ይሰጣል፤ ተኑም ወደ ላይ ይገፋል። ሙቀቱ ሲጨምር ግፊቱ ይጨምራል። የተኑ ግፊት ከላዩ ከሚጫነው አየር ግፊት ጋር እኩል የሆነ እንደ ሆነ ፈሳሹ ከውስጥ ጭምር እየተንፈቀፈቀ ይፈላል። ስለዚህ መፍላት የትግል ጉዳይ ነው፤ ተን ከአየር ጋር ታግሎ እኩል የሚሆንበት ሰዓት ነው። የአየሩ ጉልበት ሲደክም ተኑ በትንሽ ሙቀት ያሸንፋል።

ታዲያ ይህ ለሚያነጥር ሰው ምን ይጠቅመዋል? የዕጣንን ነገር ያስታውሱ። ዕጣን በፍም ላይ ሲጣል መዓዛው ይወጣል፤ ነገር ግን መዓዛው ብቻውን አይወጣም፤ የተቃጠለው ሙጫ ጭስ አብሮት ይወጣል፤ በፍሙም ላይ ጥቁር ቅሪት ይቀራል። በጥና ሲሆን ጭሱም የአገልግሎቱ ክፍል ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። መዓዛውን በጠርሙስ ለመያዝ ለሚፈልግ ሰው ግን እሳት መልካም ወዳጅ አይደለም። ብዙዎቹ የዕፅዋት ዘይቶችና ብዙ መድኃኒቶች ከ150 ዲግሪ በላይ ካልሞቁ አይፈሉም፤ እዚያ ሳይደርሱም ይጠቁራሉ፣ ይበላሻሉ፣ ሽታቸውም ይለወጣል። እንግዲህ ብልሃቱ እሳቱን መጨመር ሳይሆን ተኑን መርዳት ነው፤ ይህም በሁለት መንገድ ይሆናል። ወይ ለተኑ የትግል ባልንጀራ ይሰጡታል፤ ወይም ባላጋራውን፣ አየሩን፣ ከዕቃው ያወጡለታል።

ባልንጀራ መስጠት ያልነው በእንፋሎት ማንጠር ነው። ውኃና ዘይት አይዋሐዱም፤ ይህ አለመዋሐዳቸውም እዚህ ላይ ታላቅ ጥቅም ይሰጣል። የተዋሐዱ ፈሳሾች፣ ለምሳሌ ውኃና አልኮል፣ አንዱ የሌላውን ተን ይቀንስበታል። ያልተዋሐዱት ግን በአንድ ድስት ውስጥ ሆነው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን እንዳሉ ሆነው ተናቸውን ይሰጣሉ፤ ግፊታቸውም ይደመራል። ሁለት ሰዎች አንድ ሸክም ከሁለት ወገን እንደሚያነሡት ያለ ነው።

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። ውኃ በ90 ዲግሪ ላይ 526 ሚሊሜትር ባዜቃ የሚያነሣ ግፊት አለው። የባሕር ዛፍ ዘይት በዚያው ሙቀት ከ50 ሚሊሜትር ብዙ የማይርቅ ግፊት አለው። ሁለቱ ሲደመሩ 576 ይሆናል፤ ይህም የአዲስ አበባ አየር የሚጫነውን ያህል ነው። ስለዚህ ውኃው ብቻውን በ92 የሚፈላ ሲሆን፣ ውኃና ዘይቱ አብረው ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ። 176 ዲግሪ የሚሻው ዘይት በ90 ዲግሪ ሄደ፤ አልተቃጠለም፤ አልጠቆረም።

አንባቢ እዚህ ላይ «ዘይቱ ያዋጣው 50 ብቻ ከሆነ የሚወጣው ዘይት ኢምንት ነው» ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን የሁለቱ ቅንጣቶች ክብደት እኩል አይደለም። የውኃ ቅንጣት ክብደት 18 ቢባል የዚህ ዘይት ዋና ክፍል ቅንጣት 154 ነው። ስለዚህ በቍጥር ከውኃው አንድ ዐሥረኛ ያህል ቢሆንም በሚዛን ሲታይ በሒሳብ ለ10 ግራም ውኃ 8 ግራም ዘይት ይወጣል። በተግባር ግን ይህን ያህል እንዳይጠብቁ እንመክራለን፤ ዘይቱ በቅጠሉ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተዘግቶ ስለሚኖር እንፋሎቱ እስኪደርስበት ብዙ ውኃ አብሮ ያልፋል። ከአንድ ኪሎ ቅጠል 10 ግራም ያህል ዘይት ያገኘ ሰው ሥራውን በደንብ ሠርቷል።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የመሣሪያውን መልክ አስቀድሞ ያውቀዋል። በእሳት ላይ የተጣደ ድፍድፍ ያለበት ዕቃ አለ፤ ተኑን የሚወስድ መቃ አለ፤ በውኃ የሚቀዘቅዝ መቀበያ አለ። በእንፋሎት ማንጠርም በመልኩ ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ቅጠሉ ከውኃው በላይ በወንፊት ላይ መቀመጡ ነው። ቅጠሉ ከድስቱ ታች ጋር ከተገናኘ ያራል፤ የቃጠሎውም ሽታ እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ አይለቅም። ድስቱ ከማይዝግ ብረት ቢሆን ይበጃል። ተኑ የሚያልፍበትን የመዳብ ቱቦ ጠምዝዞ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ማሳለፍ ይበቃል፤ ከመቃ ይልቅ ቱቦው የሚሻለውም የመቃው እንጨት የቀድሞውን ሽታ ይዞ ስለሚቀር ነው። የባልዲው ውኃ ሲሞቅ መለወጥ አለበት። ቱቦው ጫፍ ላይ እጅ የሚያቃጥል ተን ከወጣ ማቀዝቀዣው አልበቃም ማለት ነው።

ቅጠሉን ቆራርጦ፣ ብዙ ሳይጠቀጥቁ ወንፊቱ ላይ ማኖር፤ እሳቱን መካከለኛ ማድረግ፤ ከዚያም መታገሥ ነው። ከቱቦው የሚንጠባጠበው ፈሳሽ መጀመሪያ ደፍርሶ ይታያል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ሲረጋ ግን ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከውኃ ይቀልላልና። የቅርንፉድ ዘይት በአንጻሩ ከውኃ ስለሚከብድ ከታች ይሰፍራል። ይህን ሳያውቁ ዘይት አልወጣም ብለው ሙሉውን የደፉ ሰዎች ስላሉ ልብ ይሏል። አንገቱ ጠባብ በሆነ ጠርሙስ ተቀብሎ ዘይቱን በመርፌ መሳብ ቀላል ነው። አንድ ሰዓት ከመንፈቅ ያህል ከቆየ በኋላ አዲስ በሚወርደው ጠብታ ላይ የዘይት ዐይን የማይታይ ከሆነ የሚቀረው ማገዶ ማባከን ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ ለሁሉ አይሆንም። ስኳርን፣ ጨውን፣ የቅጠሉን አረንጓዴ ቀለም እንፋሎት አይወስድም፤ ተን የሌለው ነገር ባልንጀራ ቢሰጡት ምን ሊያዋጣ ይችላል? በውኃ የሚሟሙ መዓዛዎችም አስቸጋሪ ናቸው። የጽጌ ረዳ አበባ ከዋነኞቹ መዓዛዎች አንዱ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣና በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፤ የጽጌ ረዳ ውኃ የሚባለው ራሱን ችሎ የሚሸጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አደጋውን በጥቂቱ አናልፈውም። አረቄ አውጪዎች የድስቱንና የመቃውን መገጣጠሚያ በሊጥ ወይም በጭቃ መምረጋቸው አላዋቂነት አይደለም፤ ግፊት ሲበዛ ምርጉ ቀድሞ ይፈነዳልና። በዘመናዊ ዕቃ የሚሠራ ሰው ግን በላስቲክና በብሎን ጥብቅ አድርጎ ይገጥማል፤ ከዚያ ቅጠል ቱቦውን የደፈነው እንደ ሆነ ግፊቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ በድስቱ ክዳን ላይ ሁለት ክንድ ያህል ቁመት ያለው፣ ታችኛው ጫፉ ከውኃው ውስጥ የጠለቀ ክፍት ቱቦ ማቆም ያስፈልጋል። ግፊት ሲበዛ ውኃው በቱቦው ሲወጣ በዐይን ይታያል፤ ያን ጊዜ እሳቱን መቀነስ ነው። ይኸው ቱቦ ሌላም ጥቅም አለው። ከድስቱ በታች ያለው እሳት በድንገት የጠፋ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ተን ወደ ውኃ ይመለሳል፤ ባዶም ቦታ ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ከተቀበለው ፈሳሽ ውስጥ ጠልቆ ከሆነ ፈሳሹ ሁሉ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ድስቱ ይገባል። ክፍቱ ቱቦ አየር እያስገባ ይህን ያስቀራል። በተጨማሪም የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውኃ ቃጠሎ የከፋ ነው፤ አንድ ግራም እንፋሎት በቆዳ ላይ ወደ ውኃነት ሲለወጥ ብቻ 540 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይለቃልና። ዘይቱም ተቀጣጣይ ስለ ሆነ መቀበያውን ከነበልባል ማራቅ ይገባል። የተገኘውን ዘይት መጠጣት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በሻይ ማንኪያ የሚለካ መጠን ሕፃንን ሊመርዝ ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንሻገር፤ ይኸውም አየሩን ራሱን ማውጣት ነው።

ጠጣር ነገርም እንደ ፈሳሽ ተን አለው፤ ናፍታሊን ከሣጥን የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ሲያሞቁት አንዳንዱ ጠጣር ይቀልጣል፤ አንዳንዱ ሳይቀልጥ ይተናል። ይህን የሚወስነው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ጠጣር በሚቀልጥበት ሙቀት ላይ የተኑ ግፊት የታወቀ ነው። ከውጭ የሚጫነው ግፊት ከዚያ ካነሰ ጠጣሩ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም፤ ቀድሞ በንኖ ይሄዳል። ለካምፎር ይህ ልክ 370 ሚሊሜትር ነው፤ ለአዮዲን 90፤ ለናፍታሊን 7 ያህል። ደረቅ በረዶ የሚባለው የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ልኩ ከባሕር ጠረፍ አየር አምስት እጥፍ ስለሚበልጥ በየትኛውም አገር በክፍት ቦታ አይቀልጥም፤ ስሙም የወጣለት ከዚህ የተነሣ ነው። አዮዲን ፈጽሞ አይቀልጥም ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ሰምተናል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። አዮዲን በ114 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ወይን ጠጁ ተን ብዙ ስለ ሆነ ፈሳሹን ተማሪው ሳያየው ይቀራል እንጂ።

ይህን ጠባይ ለማንጠር የሚጠቀሙበት እንዲህ ነው። ንጹሕ ያልሆነው ዱቄት ከታች ይሞቃል፤ የሚተነው ክፍል ብቻ ይነሣል፤ ከላይ ባለው ቀዝቃዛ ገጽ ላይ እንደ ውርጭ ይረጋል፤ ቆሻሻው ከታች ይቀራል። ይህን በዐይን ለማየት የናፍታሊን ፍሬ ሩቡን ደቁሶ ከጥቂት ጥላሸት ጋር መቀላቀልና በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ማኖር ነው። ብርጭቆውን 60 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሞ፣ በአፉ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ሌላ ክብ ጠርሙስ ማስቀመጥ ይበቃል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከዚያ ጥቁር ዱቄት በላይ፣ በጠርሙሱ ሥር፣ የሚያብለጨልጭ ነጭ ቅርፊት ይታያል። ሙከራው በረንዳ ላይ ወይም መስኮቱ በተከፈተበት ቦታ ይደረግ፤ የናፍታሊን ተን ለጤና መልካም አይደለም፤ ከሕፃናትም ይራቅ። ደግሞም ዛሬ በገበያ የሚገኘው የብል መከላከያ ሁሉ ናፍታሊን ስላልሆነ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ተኑ ከአየር ጋር እየተጋጨ ስለሚወጣ ይህ ሥራ በክፍት ቦታ ሲሆን ያዘግማል። አየሩ ሲወጣ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይገኛል፤ መንገዱ ይጠረጋል፤ የሚያስፈልገው ሙቀትም ይቀንሳል። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ በወፍራም ብርጭቆ የተሠራ፣ በጎኑ የአየር ማውጫ ቱቦ ያለው ዕቃ ነው። ከላይ ወደ ውስጥ የሚገባና በውስጡ ቀዝቃዛ ውኃ የሚዞርበት ሌላ ቱቦ አለው፤ የሙያው ሰዎች «ቀዝቃዛ ጣት» ይሉታል። ቅንጣቱ የሚረጋው በዚህ ጣት ላይ ነው። በጣቱና በዱቄቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ከራቀ ተኑ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ከቀረበ ዱቄቱ እየተፈናጠረ ያቆሽሸዋል።

አየሩን ለማውጣት በየቤተ ሙከራው የተለመደው ከቧንቧ ጋር የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ ነው። ውኃው በጠባብ አንገት ሲወርድ አየሩን እየነጠቀ ይወስደዋል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛው ውኃው ራሱ ተን ስላለው ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም፤ የቧንቧው ውኃ 15 ዲግሪ ቢሆን 13 ሚሊሜትር ገደማ፣ 20 ዲግሪ ቢሆን 17.5 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል። ይህ ለካምፎርና ለአዮዲን ከበቂ በላይ ነው፤ ናፍታሊን ግን ልኩ 7 ስለ ሆነ እሳት ካበዙበት ይቀልጣል። ሁለተኛው ጉድለት የውኃው ብዛት ነው። ሰዓት ሙሉ ቧንቧ ከፍቶ ማፍሰስ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚመሰገን ሥራ አይደለም፤ ጎረቤትም ዝም አይልም። በእጅ የሚሳብ ትንሽ ፓምፕ ለመጀመሪያ ሙከራ ይሻላል። የቧንቧውን የሚጠቀም ሰው ግን በመካከል ባዶ ወፍራም ጠርሙስ ያግባ፤ የውኃው ኀይል በድንገት ሲቀንስ ቆሻሻ ውኃ ወደ ዕቃው ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላልና።

ስለ ብርጭቆው መናገር ያለብኝን ከራሴ ታሪክ እጀምራለሁ። በተማሪነቴ ዘመን ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ተራ ጠርሙስ ከፓምፕ ጋር አገናኘሁ። አንድ ባልንጀራዬ ቅንጣቱ ሲረጋ ለማየት ጐንበስ ብሎ ነበር። ጠርሙሱ ወደ ውስጥ ፈነዳ፤ ስብርባሪው እርስ በርሱ ተላትሞ መልሶ ወደ ውጭ ተበተነ። አንዱ ስባሪ የባልንጀራዬን የዐይን ቆብ ሰነጠቀው። ዐይኑ የተረፈው በጣት ስፋት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ መነጽር አላደረግንም፤ ሒሳቡንም አልሠራሁም።

ሒሳቡ ይህ ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ክብ ጠርሙስ ወርዱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የውጭ ገጹም 314 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። በአዲስ አበባ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 775 ግራም ያህል ይጫናል። ስለዚህ ከውስጥ አየሩ የወጣለት ያ ትንሽ ጠርሙስ በዙሪያው በጠቅላላው 243 ኪሎ፣ ማለት ሁለት ኩንታል ተኩል ገደማ ተሸክሟል። ክብ ከሆነ ሸክሙ እንደ ቅስት በእኩልነት ስለሚከፋፈል ይችለዋል። ጠፍጣፋ ሥር ያለው ግን በጠፍጣፋው መካከል ይሰበራል። ጭረት ያለበት ብርጭቆ፣ ክብም ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዐይንን ከጎን ጭምር የሚሸፍን መነጽር የማድረግ ነገር ምክር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ መነጽሩ ከሌለ ሥራው አይጀመርም። ዕቃውን ወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ወይም ከፊቱ የፕላስቲክ መስተዋት ማቆም ደግሞ ይረዳል።

በዚህ መንገድ ከሚነጥሩት ነገሮች ለእኛ ቅርብ የሆነው ካፌይን ነው። ጀርመናዊው ሩንገ በ1819 ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ አወጣ፤ ፍሬዎቹንም የሰጠው ባለቅኔው ጎተ ነበር። ካፌይን በ178 ዲግሪ ሳይቀልጥ ይተናል፤ ሲረጋም እንደ ሐር ክር ያሉ ነጫጭ መርፌዎች ይሆናል። በደንብ የደረቀ የሻይ ቅጠል ዱቄት በሸክላ ጽዋ ቀስ ተብሎ ቢሞቅ፣ ከላዩ ባለው ቀዝቃዛ ክዳን ላይ እነዚህ መርፌዎች ይታያሉ፤ ነገር ግን ቅጠሉ ትንሽ ከጋለ ቡናማ ዝፍት አብሮ ይወጣና ያበላሻቸዋል። አየሩ ሲወጣ ሙቀቱ ዝቅ ስለሚል መርፌዎቹ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ለማየት ያማሩ ናቸው፤ ለመቅመስ ግን አይደሉም። በአንድ ስኒ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የግራም አንድ ዐሥረኛ ቢሆን ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ካፌይን ግን ሰው ሊገድል ይችላል። የወጣውን ቅንጣት ስሙን ጽፎ መቆለፍ ወይም መድፋት ነው።

ይህ ጥበብ ከቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ወጥቶ በየጤና ጣቢያው ደርሷል። በረዶ ራሱ ጠጣር ስለ ሆነ ግፊቱ ከ4.6 ሚሊሜትር በታች ሲሆን ሳይቀልጥ ይተናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የደም ፈሳሽ ክፍል በዚህ መንገድ እየደረቀ ወደ ጦር ሜዳ ይላክ ነበር። የኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ክትባቶች ዛሬ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ነጭ ኩበት ሆነው የሚመጡት መጀመሪያ በርደው፣ በኋላ በረዶው በቫኪዩም ስለ ተነነባቸው ነው። ውኃው በእሳት ቢወጣ ኖሮ በውስጣቸው ያለው ሕያው ነገር በሞተ ነበር። ነርሷ ከመውጋቷ በፊት ፈሳሽ ጨምራ ስታርገበግበው የምናየው የሄደውን ውኃ ስትመልስለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና አበቃለሁ፤ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በመጨረሻው ደቂቃ ስለ ሆነ ነው። ቅንጣቱ በጣቱ ላይ ከረጋ በኋላ ሰው ቸኩሎ ፓምፑን ያቆምና አየሩን በአንድ ጊዜ ይለቃል። የሚገባው አየር እንደ ነፋስ ስለሚነፍስ መርፌዎቹን ነቅሎ ከታች ወዳለው ቆሻሻ ይጥላቸዋል፤ የሁለት ሰዓት ሥራ በአንድ ትንፋሽ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ እሳቱን ያጥፉ፤ ዕቃው እስኪቀዘቅዝ ይቆዩ፤ ከዚያም መቆለፊያውን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈቱ የሚገባውን አየር በጆሮዎ ያዳምጡ። ድምፁ ፈጽሞ ሲያቆም ጣቱን ቀጥ አድርገው፣ ግድግዳውን ሳይነኩ ያውጡት፤ ቅንጣቱንም በንጹሕ ወረቀት ላይ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ።